የቀኛዝማቹ ትከሻ

የብርጓል አበረ ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው የጠጣበትን ዋንጫ ሳታለቀልቅ አትጠጣም ነበር። የሰው ላብ፣ የሰው እግር፣ ፀጉር ላይ የከረመ ቅቤ ሆዷን ይገለብጠዋል። እናቷ «ይቺ ልጅ ባል ቤት ገብታ ምን ልትሆን ነው?» እያለች ትማረር ነበር። አባቷ አበረ ግን በይጁቤና በዙሪያው ስሙ የታወቀ ወጌሻ ነበርና፣ ወንድ ልጅም ስላልነበረው፣ ሙያውን ያወረሰው ለዚችው ለተጸያፊዋ ልጁ ነው። ጣቶቿን ካየ በኋላ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። እግሯ የተሰበረ ዶሮ ሲሰጣት ዐይኗን ጨፍና እየዳሰሰች ስንጥሩ የት የት እንደገባ ትነግረው ነበር።

«ሆድሽ እምቢ ስላለ እጅሽን አትከልክይ» ይላታል። «ሆድ ይለመዳል።»

ሆዷ ግን አልለመደም። አባቷ ከሞተ፣ እሷም አግብታ ሁለት ሴት ልጆች ከዳረች፣ ፀጉሯም ሽበት ከጣለበት በኋላ እንኳ፣ በሽተኛው ልብሱን ሲያወልቅ የብርጓል ቀድማ የምታደርገው ትንፋሿን መያዝ ነው። በነጠላዋ ጫፍ የጤና አዳም ቅጠል ትቋጥራለች። ሰውየው ሳያያት ፊቷን ዘወር ታደርግና አሽትታው ትመለሳለች። ቁስል የቋጠረ ብብት፣ ጭቃ የጠጣ ተረከዝ፣ ለወራት ውሃ ያልነካው ጀርባ፤ ሁሉንም ነክታለች፤ አንዱንም ግን ሳትጸየፍ አልነካችም።

ታዲያ እንዴት ቻለችው? ሁለት ነገር ነበራት። አንዱ የአባቷ ነው። የታመመ ሥጋ እጅ ሲያርፍበት ይደነግጣልና፣ መዳፏን የታመመው ቦታ ላይ ታሳርፍና ዝም ትላለች። አትጫንም፣ አታሽም። ከእጇ ሥር ያለው ሥጋ እየላላ፣ እየሞቀ፣ «እሺ» እስኪላት ትቆያለች። ሌላው የራሷ ነው። ጣቷን ቅባት ሳታስነካ በፊት «እንዴት ገባብህ?» ብላ ትጠይቃለች። ምን ተሸክመህ ነበር? ስትወድቅ ማንን ልታድን ነበር? ሰውየው ይነግራታል። ነገሩ ሲያልቅ ጠረኑም ከአፍንጫዋ ይጠፋል።

አንድ ጊዜ አንድ ቆዳ አልፊ መጣ። የጥሬ ቆዳውን ሽታ ከአጥሩ ውጭ ሳለ ነው የሰማችው። ሦስት ጊዜ ወጥታ ተመለሰች። በመጨረሻ አፏን በነጠላዋ ሸፍና «እንዴት ገባብህ?» አለችው። ምጥ የያዛትን ሚስቱን አዝሎ ሞልቶ የወረደውን ጨሞጋን እንደተሻገረ፣ ማዶ ሲደርስ ወገቡ እንደከዳው፣ ልጁም እዚያው ወንዙ ዳር እንደተወለደ ነገራት። የብርጓል ያን ወገብ ቀኑን ሙሉ አሸችው። ሽታው የት እንደገባ አላወቀችም።

«ሕመሙ በየት በር እንደገባ ካወቅሁ ጠረኑን እረሳዋለሁ» ትለው ነበር ባሏን ባዘዘውን።

የቅኔ መምህሩ የኔታ ፍቅረ ሥላሴ ይህን ሰምተው ይቀልዱባት ነበር። «የብርጓል ያሻትን ታሻለች» ይሏታል፤ የፈለገችውን ትፈልጋለች ማለትም፣ የወደደችውን በእጇ ታሻለች ማለትም ይሆናል። እሷም ትስቃለች።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ከገበያው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ምሽግ ተሠራ። የምሽጉን ባንዶች የሚያዘው እንዳላማው የሚባል ሰው ነበር። ዱሮ የምስለኔ ሎሌ ነበር፤ በሰው ደጅ ፈረስ ሲይዝ ሁሉም ያውቀዋል። ጣሊያን ቀኛዝማች አለውና ሁለት መቶ ጠመንጃ ሰጠው። ሥራው መሣሪያ መግፈፍና ጫካ የገቡትን ሰዎች ዘመድ መያዝ ነው።

አንድ ማለዳ ሁለት ባንዶች በቅሎ ስበው የብርጓል ደጅ ቆሙ። «ቀኛዝማች ትከሻቸውን አሟቸዋል፤ ነይ» አሏት።

ባዘዘው ሞፈሩን እየጠረበ ነበር። ቀና ሳይል «ሂጂ» አላት። «እምቢ ብትይ ጎጆዋን ያነዷታል።»

ሄደች። እንዳላማውን ቆርቆሮ በለበሰ ቤት ውስጥ፣ ነጭ አንሶላ በተነጠፈበት የብረት አልጋ ላይ በሆዱ ተኝቶ አገኘችው። እንደ ልማዷ ትንፋሿን ያዘች፤ ግን የሚያስይዝ ነገር አልነበረም። ሰውየው ከእግር እስከ ራሱ ታጥቧል። ቆዳው ለስላሳ ነው። የጣሊያን ሳሙና፣ የአበባ ሽታ ያለው ሳሙና፣ ከአንገቱ ሥር ይሸታል። በዕድሜዋ ሙሉ ሳትጸየፍ የቀረበችው የመጀመሪያው ገላ ይህ ነበር። ደስ አላት። ይህን ደስታዋን ኋላ ስታስታውሰው ምራቋን ትተፋ ነበር።

«እንዴት ገባብዎ ጌታዬ?»

«ከበቅሎ ወደቅሁ» አላት ፊቱን ትራሱ ውስጥ እንደቀበረ።

መዳፏን አሳረፈች። እጇ ግን የሰማችው ሌላ ነው። የወደቀ ሰው ሕመም አንድ ቦታ ይመታል፤ አንድ ጊዜ ይገባል። ይህኛው ከትከሻው ጀምሮ እስከ ክርኑ፣ ከክርኑ እስከ አንጓው የተጎተተ ነው። አውድማ ላይ ባቄላ በዱላ ሲወቃ የከረመ ገበሬ እንዲህ ይታመማል። ይህ ሰው ግን እንኳን ዱላ፣ ጭራ እንኳ ሎሌ ነው የሚይዝለት። «ምን ቸገረኝ» ብላ ዋጠችው። ቅባቱን አሙቃ ማሸት ጀመረች። የተቋጠረውን ጅማት እያሳደደች፣ ስታገኘው በአውራ ጣቷ እየፈታች፣ እስከ ቀትር ሠራች። እሱ «እፎይ፣ እሰይ፣ እዚያ ላይ» እያለ ያቃስታል።

ሦስት ቀን ተመላለሰች። በሦስተኛው ቀን ተነሥቶ ቆመ። ክንዱን ወደ ላይ አንሥቶ በአየሩ ላይ ወደ ታች ወረወረው። ደግሞ አነሣው፤ ደግሞ ወረወረው።

«አልቆረጠመኝም!» አለ እየሳቀ። «እጅሽ ይባረክ!» አንድ ድፍን ሳሙና በወረቀት እንደተጠቀለለ ሰጣት። የብርጓል ቤቷ ደርሳ በሳሙናው እጇን ታጠበች፤ ማታ እራት ስታቀርብ ባዘዘው «ምን ምን ትላለሽ ዛሬ?» ብሎ እስኪጠይቃት ድረስ እጇን ደጋግማ ስታሸት ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ አራት ሰዎች በቃሬዛ አንድ ሰው ተሸክመው ግቢዋ ገቡ። በሆዱ የተኛ ሰው ነው። ሸማው ጀርባው ላይ ተጣብቆ ደርቋል። ዝንቡ ከሩቅ ይሰማል። ፊቱን ሲያዞር ነው የኔታ ፍቅረ ሥላሴ መሆናቸውን ያወቀችው።

ሰዎቹ ቃሬዛውን አስቀምጠው ወጡ። የብርጓል ውሃ አሙቃ ሸማውን እያራሰች ከሥጋው ትለያየው ጀመር። ጀርባ የሚባል አልቀረም። በትልም የታረሰ ይመስላል፤ መግል ይዟል። ጤና አዳሟ አልበቃትም። ስለዚህ እንደ ልማዷ ጠየቀች፤ ጠረኑን ለማባረር።

«የኔታ፣ እንዴት ገባብዎ?»

«በእንዳላማው እጅ» አሉ። «ሁለት ተማሪዎቼ ጫካ ገብተዋል። የት እንዳሉ ተናገር አለኝ። አላውቅም አልሁት። ባውቅስ እነግረዋለሁ ኖሯል?»

«ሰዎቹን አዝዞ ነው?»

«የለም፤ እሱ ሰው አያዝም። ‹ሌላ ሰው ይራራል› ይላል። የጉማሬ አለንጋውን በገዛ እጁ ነው የሚይዘው። አንድ ሰሞን ክንዱን ታመመና እፎይ ብለን ነበር። እስረኛው ሁሉ ሳይነካ ይውል ነበር። ባለፈው ማክሰኞ እጅጌውን ጠቅልሎ ብቅ አለ። አርባ! በአንድ ክንድ፣ አንዴም ሳያርፍ። ማን እንደፈወሰው እግዜር ይወቅ።»

የብርጓል ውሃውን አስቀምጣ ወጣች። ከጓሮዋ ግድግዳ ሥር ደርሳ ተንበረከከችና አስመለሳት። የበላችው ካለቀ በኋላም ሐሞቱ አልተዋትም። ያ ሰው ክንዱን አንሥቶ በአየሩ ላይ ሲወረውረው ታያት። «አልቆረጠመኝም» ብሎ ሲስቅ። ለካ ሲሞክረው ነበር። ለካ ያን ጊዜ ከፊቱ ጀርባ ይታየው ነበር፤ እሷም አጠገቡ ቆማ ፈገግ ብላለታለች። ጣቶቿን አየቻቸው። የሳሙናው ሽታ አለባቸው። ሳሙናውን ከመደርደሪያው አውርዳ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣለችው። እጇን በአመድ ፈተገችው፤ ቆዳው እስኪላጥ ፈተገችው፤ ሽታው ግን ያለ መሰላት።

ተመልሳ ገባች። ሳትናገር መሥራት አልቻለችም።

«የኔታ፣ ያን ክንድ ያሸሁት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደሷ አዞሩ። ከዚያ «ያላሻሽን አሽተሻላ» አሉ። ሊስቁ ሞከሩ፤ ሳቁ ጀርባቸውን ነካውና ጥርሳቸውን ነከሱ። «እኔም የምታከመው በዚያው እጅ ነው። ምን ይደረግ። ቀጥዪ።»

«ምንም አይደለም» አላሏትም። እሷም አልጠበቀችም። መግሉን በሙቅ ውሃ አጠበች፤ ማር ቀባችው፤ ጀርባቸው ስለማይነካ የደረቀውን አንገታቸውንና እግራቸውን ቀስ እያለች አሸች። የመግሉ ሽታ አልቀፈፋትም። የቀፈፏት የገዛ እጆቿ ነበሩ።

በሦስተኛው ሳምንት በቅሎዋ ደጇ ላይ ቆመች። የእንዳላማው የትከሻ ሕመም ተመልሶበታል።

ባዘዘው ይህን ጊዜ ቀና አለ። ባንዶቹ እንዳይሰሙ ወደ ጓዳ ስቦ አስገባት። «ታውቂበታለሽ» አላት። «ያን ጅማት በአውራ ጣትሽ አንድ ጊዜ ብታጣምሚው ክንዱ ዳግመኛ አይነሣም። ማንም አያውቅብሽም።»

እውነት ነው፤ ታውቅበታለች። ከብብቱ በስተጀርባ ያለችውን ቦታ ገና ሲነግራት ጣቷ አስታወሳት።

«አላደርገውም» አለች።

«አዘንሽለት?»

«እኔ ለሱ? የምፈራው ማፍረሱን አይደለም። ማፍረሱ እንዳይጥመኝ ነው የምፈራው።»

ምሽጉ ስትደርስ እንዳላማው ባንዶቹ መካከል በርጩማ ላይ ተቀምጦ ክንዱን ታቅፏል። መዳፏን አሳረፈች። ያው ነው፤ እንዲያውም ብሷል።

«እንዴት ገባብዎ?»

«ከበቅሎ አልሁሽ እኮ!»

«በየሳምንቱ ነው የምትጥልዎ?»

ከባንዶቹ አንዱ ሳቁን ሊያፍን ብሎ ሳል ያዘው። የብርጓል እጇን አነሣች። 

«ይህ የወደቀ ሰው ሕመም አይደለም ጌታዬ። እጄ አይሳሳትም። ይህ የገራፊ ትከሻ ነው።»

 እንዳላማው ሊነሣ ሲል ክንዱ አስጮኸውና ተመልሶ ተቀመጠ። ሕመሙ ባይኖር ኖሮ እዚያው ያበቃላት ነበር።

«መድኃኒቱን ተናገሪ» አላት ጥርሱን ነክሶ።

«መታሰር።»

«ማን?»

«ክንድዎ። አርባ ቀን ከደረትዎ ጋር ይታሰራል። ከዚያ በፊት ቢያነሡት እንደ እንጨት ደርቆ ይቀራል።»

ግማሹ እውነት ነበር፤ ግማሹን ፈጠረችው። በመቃ ደግፋ፣ በአቡጀዲ ጠቅልላ፣ ክንዱን ከደረቱ ጋር አጥብቃ አሰረችው። ጨርቁን በብብቱ ሥር ስታሳልፍ ያ የአበባ ሽታ መጣባትና አቅለሸለሻት። ፊቷን ስታዞር አያት።

«ምን ሆንሽ?»

«ጠረኑ ነው ጌታዬ።»

«የኔ? የኔማ ሳሙና ነው!»

«አዎን፣ ሳሙናው ነው።»

ቤቷ ስትገባ ለባዘዘው ሁሉንም ነገረችው። ያን ዕለት እጇ ሳይቀፋት በልታ አደረች። አንድ ሳምንት ያህል ከምሽጉ ጩኸት አልተሰማም። የኔታም ትራስ ተደግፈው መቀመጥ ጀመሩ፤ ዘመዶቻቸው መጥተው ወደ መርጡለ ማርያም ወሰዷቸው።

ከዚያ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ድረስ የሚባል ወጣት መጣ። የጎረቤቷ ልጅ ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። በሬው በሞተበት ዓመት ነው ባንዳ የሆነው። ላብ፣ ትምባሆና ያልታጠበ ካኪ ይሸታል። ቀኝ ትከሻውን በግራ እጁ ይዟል።

«እትዬ የብርጓል፣ እስቲ ይዩኝ። እንቅልፍ ነሣኝ።»

አስቀመጠችውና መዳፏን አሳረፈች። ወዲያው እሳት እንደነካ ሰው መነጨቀችው። ያው ቋጠሮ ነው። ያው ቦታ፣ ከትከሻ እስከ ክርን፣ ከክርን እስከ አንጓ።

«እንዴት ገባብህ?» አለችው። ከበቅሎ እንዲል ፈለገች። ቢዋሽ ይሻላት ነበር።

ድረስ አልዋሸም። «ስገርፍ» አላት። «ቀኛዝማች ክንዳቸው ታስሯል። ወንበር አስወጥተው ይቀመጡና እሳቸው ይቆጥራሉ፤ እኔ እመታለሁ። አርባ ነው ሁልጊዜ። ቀስ ካልሁ ከአንድ ያስጀምሩኛል። ቅዳሜ ሦስት ሰው ነበር።»

የብርጓል ከመሬቱ ላይ ተቀመጠች። ክንድ ያሰረች መስሏት ሌላ ክንድ ነው ያስገኘችለት። ጩኸቱ ያልተሰማውም እስረኞቹን ከጉብታው ማዶ ወስዶ ስለሚያስገርፍ ነበር። ያ ሰው ደግሞ ክንዱ አርፎ፣ ታጥቦ፣ ሸትቶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይቆጥራል።

«በሉ እሹኝ እንጂ እትዬ።»

«አላሽህም።»

«ያመኛል እኮ!»

«ይመምህ! እንኳን አመመህ! የሱን ሕመም ነቅዬ የኔታ ጀርባ ላይ ነው የተከልሁት። ያንተን ደግሞ የማን ጀርባ ላይ ልትከለው?»

«እኔ ምን ላድርግ?» አለ ድረስ። «እምቢ ብል እኔኑ ነው የሚያስተኙኝ።»

«ወጌሻ ነኝ እንጂ የንስሐ አባትህ አይደለሁም። የማውቀውን ልንገርህ። ትከሻህ እምቢ ብሏል። ካንተ ይልቅ ትከሻህ ሰው ነው።»

ማልቀስ ጀመረ። ንፍጡ ከንፈሩ ላይ ወረደ፤ በእጅጌው ጠረገው፤ ደግሞ ወረደ። የብርጓል አላባበለችውም። ቀፈፋት። ትንሽ ልጅ ሳለ እጁ ወልቆ ይዘውት መጥተው በዚሁ ደጅ ሲያለቅስ አስታወሰች፤ ያን ጊዜም ንፍጡን ተጸይፋ ነበር፤ ግን አብሳለታለች። አሁን ተነሥታ ገባችና በሩን ዘጋች። ሲሄድም አላየችውም።

በአራተኛው ቀን ድረስ ጠመንጃውን እንደያዘ ከምሽጉ ጠፋ። ወደሷ መምጣቱን ያየ ሰው ስለነበር እነ እንዳላማው ወዲያው ወደ ቤቷ ዘመቱ። ባዘዘው ግን ወሬውን ገበያ ላይ ሰምቶ ቀድሟቸዋል። ከነለበሱት ልብስ ወጥተው ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ወረዱ። ከሸንተረሩ ላይ ዞር ሲሉ የጎጆዋ ጢስ ታያቸው። ባዘዘው ስለ በሬዎቹ ተናገረ እንጂ ስለ ቤቱ አላነሣም።

ሦስት ዓመት በቆላው ከአርበኞች ጋር ኖረች። ቅማል የወረረው፣ ጥይት የበሳው፣ ወባ ያንቀጠቀጠው ገላ ሁሉ በእጇ አለፈ። ሁሉንም ትጸየፋለች፤ ሁሉንም ትጠይቃለች፤ ሁሉንም ታሻለች። አንድ ቀን ድረስም መጣ። ቁስለኛ ጓደኛውን ሁለት ቀን አዝሎ ገደል አስወጥቶ ወገቡ አልቀናም ብሎ ነው።

«እንዴት ገባብህ?» አለችው፤ ነገራት። መልካም ነገር ነው የሠራው። እሷም በሚገባ አሸችው፤ ተነሥቶም ቆመ። ጠረኑ ግን አልለቀቃትም። እስኪሄድ ጠበቀች፤ ከዚያ ወንዝ ወርዳ እጇን ታጠበች። ለምን እንደሆነ ባዘዘው ሲጠይቃት «እኔም አላውቅ» አለችው።

ጣሊያን ወጣ። የኔታ ከመርጡለ ማርያም ተመልሰው ጉባኤያቸውን ዘረጉ፤ ጀርባቸው ስለማይታጠፍ ግን ሰው ደግፎ ካላስነሣቸው አይነሡም። እንዳላማው ምሕረት አገኘ። መጀመሪያ መሬቱን መለሱለት፤ ቀጥሎ ዳኛ አደረጉት። ሰው ቅር ሲለው ቆየና ተወው፤ ገበያ ላይ ሲያልፍ የሚነሣለት በዛ። ትከሻው በክረምት እየተነሣ ያስቸግረው ነበርና ወደ የብርጓል መልእክተኛ ላከ።

«አልመጣም በለው» አለችው።

«ለምን ብዬ ልንገራቸው?»

«ተጸየፈችዎ በለው።»

መልእክተኛው እንዳለችው ይናገር ወይም አይናገር አልታወቀም። እንዳላማው ግን ከደብረ ማርቆስ ሌላ ወጌሻ አስመጣ፤ ያም ሰው አሽቶ አዳነው። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት በጤና ኖረ። ሲሞት ካህናቱ በብዛት መጡ፤ ሰባት በሬ ታረደ፤ አገሩ ሁሉ ለተዝካሩ ተጠራ። የብርጓልም ዕድርተኛ ናትና ሄዳ ከዳሱ ጥግ ተቀመጠች። እንጀራው መጣ፤ ወጡ ተጨለፈ። እጇን አልዘረጋችም።

«ትንሽ ቅመሺ እንጂ» አላት ባዘዘው በጆሮዋ። «ሰው ያያል።»

«ይይ» አለች።